ቁልቁለቱ አያታልላችሁ፦ በብስክሌት ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቢሾፍቱ ሐይቆች

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ብስክሌቴን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ከአራተኛ ፎቅ እወርዳለሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፤ ሊፍት የለም። በየመታጠፊያው ፔዳሉ ግድግዳ ይጭራል። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጋሼ ደግሞ እንቅልፋቸው ቀላል ነው። አንድ ቀን ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ በሩን ገርበብ አድርገው አዩኝና «አንተ ልጅ፣ እሱ ነው አንተን መሸከም ያለበት ወይስ አንተ እሱን?» አሉኝ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ቀሰቀስኩዎት» አልኩ። «ግድ የለም፣ እኔስ ለጸሎት ተነስቻለሁ። ብቻ በደህና ግባ» ብለው ዘጉ።

ላለፉት አራት ዓመታት ክረምቱ ከወጣ በኋላ በወር አንድ ወይ ሁለት እሑድ የሚነጋልኝ እንዲህ ነው። መንገዱን የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። የሚጠይቁኝ ሰዎች ደግሞ እኔ የሠራሁትን ስህተት አንድ በአንድ ሊደግሙ ሲዘጋጁ አያለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። እዚያ ብስክሌት የቅንጦት ዕቃ አይደለም። መምህሩም ይነዳል፣ ነጋዴውም ይነዳል፣ የዩኒፎርም ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ የምትነዳ ተማሪም ሞልታለች። እኛ ልጆቹ በሰዓት እየተከራየን በዘንባባዎቹ ሥር ጣና ዳር ድረስ እንወርድ ነበር፤ ባለቤቱ ሰዓቱን አይቶ እስኪጮህብን። በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ብስክሌትና ውሃ ዳር አብረው ነው የሚኖሩት። አዲስ አበባ ስመጣ ሁለቱንም ተውኩ። ዳገቱን አየሁ፣ የታክሲውን ግፊያ አየሁ፣ ይቅርብኝ አልኩ። አገሩ ባሕር የለው፣ ከተማው ሐይቅ የለው ብዬ ስንት ዓመት ተቀመጥኩ። ሐይቆቹ ግን አሁን ከምኖርበት ቤት ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢርቁ ነው።

መጀመሪያ የመሬቱን አቀማመጥ ልንገራችሁ፤ ድካሙም ደስታውም የሚመጣው ከእሱ ነው። አዲስ አበባ የተዘረጋችው ተዳፋት ላይ ነው። መሀል ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በስተ ሰሜን እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በስተ ደቡብ ምሥራቅ ግን አቃቂን፣ ገላንን፣ ዱከምን አልፋችሁ ቢሾፍቱ ስትደርሱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ስለዚህ ከከተማ ተነስቶ ወደ ሱሉልታ የሚሄድ ሰው የእንጦጦን ዳገት ጠዋት በትኩስ ጉልበቱ ይከፍላል፤ ሲመለስ እየተንሸራተተ ይገባል። ወደ ሐይቆቹ የሚሄድ ሰው የሚጓዘው በብድር ነው። ጠዋት ይበራል፣ ፎቶ ይለጥፋል፣ «ይሄማ ቀላል ነው» ይላል። ዕዳው የሚጠየቀው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግሩ ዝሎ፣ ፀሐዩ ከሮ። እኔ ሁለት ጊዜ ከዱከም ወዲህ ብስክሌቴን እየገፋሁ በእግሬ መጥቻለሁ። አንዴ ሙሉ በሙሉ መሽቶብኛል። ከዚያ በኋላ መመለሻዬን ሳልወስን ከቤት አልወጣም።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ግን ቢሾፍቱ አልነበረም፤ አባ ሳሙኤል ነበር። ከአቃቂ በታች ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የሚገቡበት ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተሠራው እዚያ ነው። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነበር፤ ለዛሬ አዲስ አበባ ምንም ነው፣ ለዚያን ጊዜዋ ግን ብዙ መብራት ነው። ቅርብ ነው፣ ውሃ አለው፣ ምን ያስቸግራል ብዬ ወጣሁ። ወሩ መስከረም ነው። አደይ አበባው ሜዳውን ሞልቶታል። ከአስፋልቱ ወረድኩና በእርሻ መሀል የሚያልፍ የጋሪ መንገድ ያዝኩ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር።

ዋልካ አፈርን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ጥቁር አፈር፣ ሲርስ ሊጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ሜትሮች ምንም አይሉም። ከዚያ ጎማው መወፈር ይጀምራል። ወፍሮ ወፍሮ ፍሬኑ ጋ ሲደርስ ይታነቃል። ፔዳሉን ብትረግጡ ቸርኬው አይዞርም። ወርጄ በጣቴ ጠረግኩት። ሦስት ሜትር ሄጄ ያው ሆነ። ጫማዬ ሥር ሌላ ጫማ በቀለ፤ ቁመቴ ሲጨምር ይታወቀኛል። በመጨረሻ ተሸከምኩት። ከነጭቃው ክብደቱ እጥፍ ሆኗል።

አንድ አዛውንት ገበሬ ከማሳቸው ዳር ቆመው ሲያዩኝ ቆዩ። ጠጋ ስል «ልጄ፣ ከብትህ ለገመ እንዴ?» አሉኝ። «አዎ አባቴ፣ ለገመ» አልኳቸው። ሳቁና የልጅ ልጃቸውን ጠሩ። ልጁ ቀጭን እንጨት ይዞ መጣ፤ ቁጢጥ ብሎ ጭቃውን ከሰንሰለቱ መሀል፣ ከፍሬኑ ሥር፣ እንደ ድስት ቅርፊት እየፈቀፈቀ አወጣልኝ። እኔ በጣቴ ግማሽ ሰዓት ያቃተኝን በአምስት ደቂቃ ጨረሰው። አዛውንቱ «ይሄ መሬት ከዝናብ በኋላ ሁለት ቀን ፀሐይ ይፈልጋል። በሬ እንኳ ይጠላዋል» አሉኝ። እስከ ዛሬ የምመራው በዚህ ነው። ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ አካባቢው በብዛት ይሄው ጥቁር አፈር ነው። ዝናብ ከጣለ ሁለት ፀሐያማ ቀን እስኪያልፍ ከአስፋልት አልወርድም። ኮርቻዬ ሥር ደግሞ አንድ ቀጭን እንጨት ሁልጊዜ ታስሮ ይሄዳል። ሰው ያየውና ይስቃል።

አባ ሳሙኤልን በኋላ በታኅሣሥ ደርሼበታለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ውሃው የከተማዋን ቆሻሻ ተሸክሞ የሚመጣ ውሃ ነው። ይሸታል፣ እምቦጭ ይዞታል፣ እጅ አይነከርበትም። ግን ፈረንጅ አገር ብርዱ ሲከፋ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ሜዳው ላይ መንጋ ሆነው ይሰፍራሉ። ለወፎቹ ስል እንደገና እሄዳለሁ። እግረ መንገድ ለሙከራ የሚሆን አጭር ጉዞ ነው፤ ባይመቻችሁም ቶሎ ቤታችሁ ናችሁ።

አሁን ወደ ቢሾፍቱ።

ቱሉ ዲምቱ ላይ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ነው። ሰፊ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ለብስክሌት ክልክል ነው። አንድ ጓደኛዬ «ዳሩ ሰፊ ነው እኮ፣ ማን ያየናል?» ብሎ ሊያሳምነኝ ሞክሮ ነበር። እዚያ ላይ መኪና የሚሄድበትን ፍጥነት ያየ ሰው ይህን አይልም። ሌላው አሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ነው። ከተማዋ ቢሾፍቱ ከተባለች ስንት ዘመኗ፣ ረዳቶቹ ግን ዛሬም «ደብረ ዘይት! ደብረ ዘይት!» ነው የሚሉት። የእኛ መንገድ ይሄኛው ነው።

ችግሩ የጭነት መኪና ነው። ጂቡቲ የሚወርደው፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመላለሰው፣ ዱከም ካለው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን የሚወጣው ሁሉ አለ። አሸዋና ድንጋይ የሚያግዘው ሲኖትራክ ደግሞ ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ያለው ወዶ አይደለም። ትልቅ መኪና በአጠገባችሁ ሲያልፍ ሁለት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ አየሩ ወደ ውጭ ይገፋችኋል። ኋላው ሲያልፍ ደግሞ ወደ መንገዱ ይስባችኋል። አደገኛው ሁለተኛው ነው፤ ሰው የመጀመሪያውን ሲቋቋም ወደ መሀል አዘንብሎ ይገኛልና። መሪውን ጠበቅ አድርጋችሁ፣ ክርናችሁን ላላ አድርጋችሁ፣ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። ዞር ብላችሁ አትዩ፤ ብስክሌት ዓይን ወደሄደበት ይሄዳል።

ሌላው የአስፋልቱ ጠርዝ ነው። ብዙ ቦታ ላይ ተበልቷል። ከጠርዙ እስከ ጠጠሩ ድረስ ስንዝር የሚጠጋ ዝቅታ አለ። መኪና ሲያስጨንቃችሁ ወደ ጠጠሩ መውረድ ምንም አይደለም። ስህተቱ ሲመለሱ ነው። በቀስታ ጎን ለጎን እየሄዱ ልውጣ ካሉ የፊት ጎማው ጠርዙን ታክኮ ይንሸራተትና ሰውየው አስፋልት ላይ ነው። እኔ በግራ ክርኔ አውቀዋለሁ፤ ጠባሳው አለ። ወይ ቁሙና አንስታችሁ አውጡት፣ ወይ ዝቅታው እስኪያልቅ ጠብቁ።

ስለዚህ የምወጣው በእሑድ ነው፤ ገና ሊነጋ ሲል። ዱከምን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት ማለፍ አለብኝ። ከ2 ሰዓት በኋላ መንገዱ ሌላ መንገድ ነው። በዚያ ሰዓት አልፎ አልፎ ጠበቅ ያለ ልብስ የለበሱ ተወዳዳሪዎች በቡድን ሆነው ሽው ብለው ያልፉኛል። ጋሼ ስለ እነሱ ሳወራላቸው ደስ ይላቸዋል። «በእኛ ጊዜ ገረመው ደንቦባ ነበር» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ገረመውን ጨምሮ ብስክሌተኞቿን ይዛ ነው የሄደችው። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ግን ጋሼ አልሰሙም ነበር። እኔ ነኝ የነገርኳቸው። «እስከ ዛሬ ለምን ደበቅከኝ?» ብለው ተቆጡ።

ዱከም ሲደርሱ የሥጋ ቤቶቹ ነገር አለ። ጠዋት ላይ ተከፍተው ሥጋው ተሰቅሎ ነው የሚጠብቃችሁ። ጥሬ ሥጋ በልቶ ፔዳል መርገጥ ግን አይሆንም፤ ሞክሬዋለሁ፣ ዝርዝሩ ይቅር። ለመመለሻ አቆዩት።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከዱከም በኋላ አስፋልቱን ትቼ በእርሻ መንገድ እገባለሁ። የመንገዱ ሁሉ ቁንጮ ይሄ ነው። በግራ የረር ተራራ፣ በቀኝ ከሩቅ ዝቋላ ብቻውን ሜዳው ላይ ተቀምጦ ይታያል። መሀሉ የአድአ ጤፍ ነው፤ ያ ስመ ጥሩው ማኛ። የታጨደው ክምር ሆኗል፤ አውድማው ላይ በሬዎች እየዞሩ ያበራያሉ። ነፋስ ሲመጣ ገለባው ይነሳና ዓይን ውስጥ ይገባል፤ መነጽር ያዙ። ግራሮቹ በየማሳው መሀል ቆመዋል። ጥላቸው ሥር ማረፍ መልካም ነው፤ ብስክሌቱን ግን ከጥላው ውጭ አቁሙ። መሬቱ ላይ የወደቀው እሾህ ነጭና ቀጭን ነው፤ አይታይም። አንድ ጊዜ አሥር ደቂቃ አርፌ ስነሳ ሁለቱም ጎማ ተንፍሷል።

ከገበሬው ጋር መግባባት ቀላል ነው፤ ሰላምታ ብቻ ያስፈልጋል። ብዙው ሰው አማርኛ ይችላል። ቢሆንም «አካም ጅርቱ?» ብሎ መጀመርና «ገለቶማ» ብሎ መሰናበት ፊቱን ይለውጠዋል። ሰው ሳያናግሩ በማሳው መሀል ሽው ብሎ ማለፍ ነውር ነው፤ እንግዳ ሆኖ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ያስጠረጥራል። ወደ ገጠሩ ከመግባቴ በፊት ሁልጊዜ ዱከም ላይ ሱቅ ያለውን አንድ ሰው «ዛሬ በዚህ በኩል ሰላም ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ዛሬ ይቅር» ካለኝ ይቀራል። ለምን ብዬ አልከራከርም። ብቻዬንም አልገባም፤ ቢያንስ ሁለት ሆነን ነው። ጠላ ይጋብዟችኋል። አንድ ጣሳ ያምራል። የሁለተኛው ዋጋ ዳገቱ ላይ ነው የሚከፈለው።

ውሻ ከመጣ አትሩጡ። ቁልቁለት ካልሆነ አታመልጡትም። ውረዱ፣ ብስክሌቱን በእናንተና በእሱ መሀል አድርጉ፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ። የኛ አገር ውሻ ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። ልጆች ሲጮኹና ሲሯሯጡ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቆም ብሎ ስማቸውን መጠየቅ። ሲሸሿቸው ነው ድንጋይ የሚወረውሩት።

ቢሾፍቱ ላይ ሐይቅ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ሰፊ ሰማያዊ ነገር ከሩቅ ይታየኛል ብሎ ይጠብቃል። አይታይም። ምክንያት አለው። አብዛኞቹ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው። የቀለጠ ዓለት ከመሬት ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ይገናኛል፤ ውሃው ባንዴ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል። መሬቱ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ተቦርቡሮ ይቀራል። ውሃው ታች ሳህኑ ውስጥ ነው። እናንተ የምትነዱት ከንፈሩ ላይ ነው።

የቢሾፍቱን ሐይቅ መጀመሪያ ያየሁበት ቀን በቤቶች መሀል ባለ ተራ የአፈር መንገድ እየሄድኩ ነበር። ዶሮ፣ የተሰጣ ልብስ፣ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች። መንገዱ ታጠፈ፣ አጥር አለቀ፣ ከዚያ መሬት የለም። ከእግሬ ሥር ገደል፣ ከገደሉ ሥር ጥቁር አረንጓዴ ውሃ። ፍሬን ያዝኩ። ከታች አንድ ወፍ በውሃው ላይ ሲበር ጀርባውን ነው የማየው። ወፍን ከላይ ሆኖ ማየት ግራ ያጋባል። ብስክሌቴን መሬት ላይ አስተኝቼ ብዙ ቆየሁ። በነገራችን ላይ ሐይቁ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። እነዚህ ሐይቆች ከዳራቸው ትንሽ ራቅ እንዳሉ ወዲያው ይጠልቃሉ። ላብ አልቦኛል ብሎ ዘሎ መግባት የለም።

በከንፈሩ ዙሪያ መንገዱ ኮረት ነው፣ ቦታ ቦታ ላይ ወደ ውሃው የሚወርድ ቀጭን ዱካ አለ። ወደ ታች በብስክሌት አትውረዱ። የኋላውን ፍሬን ብቻ ከያዛችሁ ይንሸራተታል፤ የፊቱን ብቻ ከያዛችሁ ይገለብጣል። ሁለቱንም በልክ መያዝ ልምድ ይጠይቃል፤ ያ ልምድ ገደል አፋፍ ላይ አይለመድም። እኔ በእግሬ ነው የምወርደው።

ባቦጋያና ኩሪፍቱም አሉ። አብዛኛው ዳርቻቸው በሪዞርትና በግል ግቢ ተይዟል። አንድ ሪዞርት በር ላይ ጥበቃው አስቁሞኝ «መኪና ይገባል፣ እግረኛ ይገባል፣ ለዚህ ግን መመሪያ የለንም» አለኝ። ከፍዬ ልግባ ብል፣ ላስረዳ ብል፣ መመሪያ የለም። ብስክሌቱን እዚያው በር አቅራቢያ ቡና የምታፈላ እናት ጋ አስቀምጬ እግረኛ ሆኜ ገባሁ። አሁን ሁልጊዜ የማደርገው ይህንኑ ነው። ሁለት ሲኒ እጠጣለሁ፣ ብስክሌቴን እሷ ትጠብቅልኛለች፤ ከየትኛውም ቁልፍ የተሻለች ናት።

አጥር የማያስጨንቀው ጨለለቃ ነው። እሱ ከሌሎቹ ይለያል፤ ጥልቀት የለውም፣ ክረምት ሲወጣ ሰፍቶ ይታያል፣ በጋው ሲገፋ ይሸሻል። ዳሩ ሜዳ ነው፤ ከብት ይሰማራበታል፣ ወፍ ይሞላዋል። ጣና ዳርን የሚያስታውሰኝ እሱ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሂዱ፤ በሚያዝያ የሄደ ሰው «የታለ ሐይቁ?» ብሎ ደውሎልኛል። ሆራ ደግሞ የኢሬቻ ቦታ ነው። ከመስቀል በዓል ቀጥሎ ባለው እሑድ ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ መንገድ ይዘጋል። ለበዓሉ ከሆነ በእግር ሂዱ፤ ለብስክሌት ከሆነ ሌላ ሳምንት ምረጡ። በተመሳሳይ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የዝቋላ ገዳም ክብረ በዓል ስለሆነ ወደዚያ የሚሄደው መኪና ብዙ ነው።

ጉልበት የተረፈው ከከተማዋ በስተ ደቡብ አረንጓዴ ሐይቅን ይጨምር። ስሙ እውነት ነው፤ ውሃው ውስጥ የሚባዛው አልጌ ነው ያን ቀለም የሚሰጠው። እኔ የሄድኩት አንዴ ብቻ ነው፤ በዚያ ቀን ስመለስ ነው የመሸብኝ።

ስለ ዕቃ ትንሽ ልበል። ቀጭን የውድድር ጎማ ለዚህ መንገድ አይሆንም፤ ወፈር ያለውን ያዙ። ካላማዳሪያ ስትገዙ ንፋስ የሚገባበትን አፍ እዩ። ሁለት ዓይነት አለ፤ ቀጭኑና እንደ መኪና ጎማ ያለው ወፍራሙ። ወፍራሙን ግዙ። በየመንገዱ ያለ ጎሚስታ ሁሉ ሊሞላላችሁ የሚችለው እሱን ነው። ግን በኮምፕሬሰሩ ሲሞላ አጠገቡ ቁሙ፤ ለመኪና እንደለመደው ሲለቅበት የእኔ እንደ ርችት ፈንድቶ ሰፈሩን አስደንግጧል። ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ማስቲሽና የእጅ ፓምፕ ግን ከእናንተ አይለዩ፤ ማሳ መሀል ጎሚስታ የለም። ሔልሜትና አንጸባራቂ ሰደርያ ግድ ነው።

ምግብ? በሶ። ሌላ አልጨቃጨቅም። በማር ወይ በስኳርና በቁንጥር ጨው በጥብጡት። ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ ውሃውን እስከ ግማሽ፣ ከዚያ ዱቄቱን፣ ከዚያ ወዝውዙ። ዱቄቱን ካስቀደማችሁ ሥሩ ላይ ይለጠፍና አገር ለአገር ይዛችሁት ትዞራላችሁ። ቆሎ ለዕረፍት ጥሩ ነው፤ እየነዱ ግን ያንቃል።

አሁን ዕዳው። ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው መንገድ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ፊት ለፊት ነው። እኔ አይታየኝም ብቻ አይደለም፤ ከኋላዬ የሚመጣው ሾፌርም በዚያው ፀሐይ ታውሮ ነው የሚመጣው። ይህን የተረዳሁት አንድ ሚኒባስ መሪዬን ለጥቂት ገጭቶ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ በብስክሌት የምትመለሱ ከሆነ ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ከቢሾፍቱ ውጡ። አለበለዚያ በመኪና ተመለሱ። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ እኔ ከሦስት ጉዞ ሁለቱን የምመለሰው በመኪና ነው።

መናኸሪያው ጋ ፖርቶመጋላ ያለው መኪና ፈልጉ። ረዳቱ ብስክሌቱን ሲያይ ዋጋ ይቆልላል። እኔ «የእኔንና የአንድ ሰው ሒሳብ እከፍላለሁ» እላለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ያልቃል። ጣሪያው ላይ ራሳችሁ ውጡና በራሳችሁ ገመድ እሰሩት። ማርሹ ያለበት ቀኝ ጎን ወደ ላይ ይሁን። ወደ ታች ከሆነ የኋላ ማርሹ ይጣመምና በሚቀጥለው ሳምንት ሰንሰለቱ በየዳገቱ ይዘላል።

ባለፈው ዓመት «ወራጅ አለ!» ብዬ ቱሉ ዲምቱ ወረድኩ። ሒሳቤን ከፍዬ ጨርሻለሁ። ረዳቱ በሩን ዘጋ፣ መኪናው ተነሳ፣ ብስክሌቴ ጣሪያ ላይ እንዳለ ወደ ቃሊቲ ሄደ። አንድ ባጃጅ ይዤ እስከሚቀጥለው ፌርማታ አሳደድኩት። ከዚያ ወዲህ የብስክሌቱን ሒሳብ የምከፍለው ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ነው።